ፎቁን ማን ይሥራው?

ዛሬ ግማሽ ቀኔ ያለፈው አዳራሽ ውስጥ ነው። 3 ሰዓት የተባለው የከተማ ፕላን ስብሰባ 4 ሰዓት ተኩል ተጀመረ፤ እሱስ ለምደነዋል።

ሰፈራችን በአዲሱ ፕላን ቅይጥ መኖሪያ (መኖሪያና ንግድ አንድ ላይ የሚሆኑበት) ሊሆን ነው። ከእንግዲህ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ፎቅ ማውጣት አለበት አሉን። እኔ በመርህ ደረጃ እደግፋለሁ። ጅማ ወደ ጎን በሰፋች ቁጥር የምትበላው የገበሬውን ማሳ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የግላችን ቤቱ ብቻ። ስለዚህ ፕላን ሲቀየር ሆድ ይባባል።

አንዲት እናት ተነሡ። "ልጄ፣ ፎቁን ማን ይሥራው? የኔ ጡረታ ለቆርቆሮም አይበቃ።"

የፕላን ባለሙያው በትሕትና "ከጎረቤት ጋር ተጣምሮ ማልማት ይቻላል" አላቸው።

"ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ከተካሰስን 6 ዓመታችን!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጎረቤትየውም እዚያው ነበሩ፣ እሳቸውም ሳቁ።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነበር። እኛ አዌቱ ወንዝ ዳር ነን። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። አምስት አባወራ በነበረበት ሠላሳ ሲገባ ፍሳሹ የት ይሄዳል? "በሂደት የሚታይ ነው" ተባልኩ።

ስንወጣ እናትየው እጄን ያዙኝ። "ደህና ጠየቅክ፤ ና ቡና ጠጣ።" ሦስተኛው ሲኒ ላይ ጎረቤትየው በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አሉ።