ጁን ላይ ቢሮአችን የገጠመው ነገር

ከቻይና ዕቃ የምታስመጡ ሰዎች የቻይና አዲስ ዓመት ሲደርስ ፋብሪካ እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ። ቀድማችሁ ታስጭናላችሁ። ስለ ጁን 7 እና ስለሚቀጥሉት ቀናት ግን ማንም አይነግራችሁም። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚሰጠው ያኔ ነው፤ ጋኦካኦ ይሉታል። ፋብሪካም ባንክም አይዘጋም። ግን ፈተና ላይ የሚቀመጥ ልጅ ያለው ሠራተኛ በዚያ ሰሞን ቢሮ ቢመጣም ልቡ እዚያ የለም።

ደቡብ ቻይና፣ ጓንጁ ከተማ ውስጥ በአንድ የጭነት አስተላላፊ ቢሮ ነው የምሠራው። ዶክመንት የምታዘጋጅልን ሴት አለች። ሁላችንም «ታላቅ እህት» እያልን ነው የምንጠራት፤ እዚህ በዕድሜ ከፍ ያለችን ባልደረባ እንዲህ መጥራት የተለመደ ነው። ኢንቮይሱም (የዕቃው ዋጋ ሰነድ)፣ ፓኪንግ ሊስቱም (የዕቃው ብዛትና ክብደት ዝርዝር)፣ የቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ረቂቅም በእሷ እጅ ያልፋል። ስህተት አታውቅም። በ2024 ሜይ ላይ ግን የአንድ የመርካቶ ደንበኛችንን ወረቀት ሳገላብጥ ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ያለው ክብደት ረቂቁ ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። አሳየኋት፣ አስተካከለች። ብዙም ሳይቆይ የሁለት ደንበኞች ስም ተቀያየረ። መርከቡ ሳይነሳ ደረስንበት እንጂ ጂቡቲ ላይ ቢታወቅ ኖሮ የወደብ ኪራዩና ጭቅጭቁ ለብቻው አንድ ራስ ምታት ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም ጠራን። የቢሮው ደንብ ግልጽ ነው፣ ከደመወዝ ይቆረጣል። እሷ ምንም አልተከራከረችም። ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። የልጇ አስተማሪ ለወላጆች በሙሉ የላከው የሙከራ ፈተና ደረጃ ነበር፤ የልጅቷ ስም በጣም ወደ ታች ወርዷል። «ወይ እረፍት ስጠኝ፣ ወይ ልልቀቅ» አለችው።

ልጅቷ ያለችው ሄናን የሚባል ክፍለ ሀገር ነው፣ ከአያቷ ጋር። እናትና አባት ግን ሥራቸው ጓንጁ። ለምን እዚሁ አትፈተንም ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ፣ እኔም ጠይቄ ነበር። ቻይና ውስጥ ሰው የሚፈተነው በመሠረቱ የቤተሰብ ምዝገባው ባለበት ክፍለ ሀገር ነው። እዚህ ለመፈተን የወላጅ የመኖሪያ ወረቀት፣ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ዓመታት፣ ልጁ እዚሁ የተማረበት ጊዜ ሁሉ ይጠየቃል፤ ለእነሱ አልተሟላም። ስለዚህ ልጅቷ ሁለተኛ ደረጃ ስትጀምር ወደ ሄናን ተላከች።

ሄናን ደግሞ ከባድ ቦታ ናት። በዚያ ዓመት በመላው ቻይና የተመዘገበው 13.42 ሚሊዮን ተማሪ ሲሆን ከሄናን ብቻ 1.36 ሚሊዮን ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ቦታቸውን ለየክፍለ ሀገሩ ከፋፍለው ነው የሚሰጡት። መንግሥት «211» ብሎ ካደራጃቸው ከመቶ በላይ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሄናን ያላት አንድ ብቻ ነው፣ የጀንጆ ዩኒቨርሲቲ። ቤጂንግ የተመዘገበ ልጅ በቀላሉ የሚያገኘውን ቦታ የሄናን ልጅ በብዙ እጥፍ ሰው ተጋፍቶ ነው የሚደርስበት። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ልጆቹ ስለ ጥረት ብቻ ሲመከሩ ይውላሉ፤ የተወለዱበት ቦታ ግን ከጥረታቸው ቀድሞ ግማሹን ወስኖባቸዋል።

ሥራ አስኪያጁ የሙከራ ፈተናውን ዝርዝር ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ያላሰብነውን ነገር ነገረን። አባቱ በ1977 ፈተናው ከአሥር ዓመት በላይ ተቋርጦ እንደገና ሲጀመር ተፈትነው ነበር። ያኔ 5.7 ሚሊዮን ሰው ተቀምጦ የገባው 270 ሺህ ገደማ ነው፤ አባቱ አልገቡም። እሱ ራሱ ሲፈተን ደግሞ ፈተናው ገና በጁላይ ሙቀት ነበር የሚሰጠው (ወደ ጁን የመጣው በ2003 ነው)፣ አባቱ በፈተናው ቀናት ሁሉ ከትምህርት ቤቱ በር ሳይነቃነቁ በፀሐይ ቆመው ጠበቁት። ስለ ቅጣቱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሂጂ አላት። ፈተናው እስኪያልቅ።

ሥራዋ ተከፋፍሎ ለእኛ መጣ። ፋይሎቹ ሁሉ በእሷ አእምሮ ውስጥ እንጂ በወረቀት እንዳልነበሩ ያኔ ነው የታወቀው። የትኛው ደንበኛ ኢንቮይሱ ላይ የባንክ ፈቃድ ቁጥር እንዲጻፍ እንደሚፈልግ፣ የትኛው ፋብሪካ ክብደት አሳስቶ እንደሚሰጥ፣ ሁሉን የምታውቀው እሷ ናት። ለመርካቶው ሰውዬ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ ጥቂት ቀን ይዘገያል። የሠራተኛችን ልጅ ማትሪክ ልትፈተን ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «የእኔም ልጅ ዘንድሮ ተፈታኝ ነው» አሉኝ። «ይቆይ፣ ግን ሳይሳሳት ይምጣ።»

ታላቅ እህት ከትምህርት ቤቱ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየች። ብዙ እናቶች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ሰፈሩ በተፈታኝ ቤተሰብ ይሞላል። በኋላ እንደነገረችኝ ልጅቷ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ክፍል ገብታ ማታ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር የምትወጣው። እናቷ ሾርባ ይዛ በር ላይ ትጠብቃታለች። ስለ ደረጃዋ እንዳታነሳባት ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። ልጅቷ ግን አንድ ማታ «ለዚህ ብለሽ ሥራሽን ካጣሽ እኔ ምን አደርጋለሁ?» ብላ አለቀሰች። እኔን የነካኝ ይሄ ነው። ልጅቷ የተሸከመችው ሒሳብና እንግሊዝኛ ብቻ አልነበረም፣ የእናቷንም ደመወዝ ተሸክማ ነበር። አሁን እኮ እንደ 1977 አይደለም፣ የሆነ ኮሌጅ የሚገባው ተማሪ ብዙ ነው። ፍልሚያው የት ይገባል የሚለው ላይ ነው፤ ቀጣሪው የመጀመሪያ ዲግሪህ ከየት ነው ብሎ እስከጠየቀ ድረስ ወላጅን «አትጨናነቅ» ማለት ምንም አይጠቅመውም።

ጁን መጨረሻ ላይ ውጤት መጣ። ያሰበችው ዩኒቨርሲቲ አልደረሳትም፣ ግን እዚያው ሄናን ውስጥ መምህራን የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ ገባች። ዘመዶች አንድ ዓመት ደግማ ትፈተን ብለው ገፋፍተዋት ነበር። እምቢ አለች፣ እናቷም ከጎኗ ቆመች። ጎበዝ ብያለሁ።

አሁን ቢሮአችን ማርች ላይ ይጠይቃል፤ ተፈታኝ ልጅ ያለው ስሙን ያስመዘግባል፣ ከሜይ ጀምሮ ፋይሉን አብሮት የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ይመደብለታል፣ የደንበኛው ልዩ ፍላጎት ሁሉ ተጽፎ ይቀመጣል። ለጁን መጀመሪያ የሚጫን ዕቃ ካላችሁ ወረቀቱን በሜይ ጨርሱ እያልኩ አዲስ አበባ ላሉ ደንበኞች የምጽፈውም ለዚህ ነው። ዘንድሮ የተመዘገቡት የመጋዘኑ ሹፌርና የሒሳብ ሠራተኛዋ ናቸው።