በየሁለት ሰዓቱ፦ የስቶክ ማንደቪል የጉዞ ማስታወሻ

ከለንደኑ ሜሪለቦን ጣቢያ የተሳፈርኩበት ባቡር በአመርሻም በኩል አልፎ ስቶክ ማንደቪል ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀበት። ከጣቢያው ወደ ሆስፒታሉ በእግሬ ሳዘግም በሐሳቤ የነበረው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት መኪናው ተገልብጦ ከተጎዳ በኋላ በሳምንቱ ወደዚህ ሆስፒታል መጥቶ ስምንት ወር ታክሟል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ከሕንፃ መወጣጫ ላይ ወድቀው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ካቆሙ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። መጀመሪያ የተኙበት ሆስፒታል ወደ ቤት ሲመልሳቸው ስለ አልጋ ቁስል፣ ማለትም ሳይገላበጡ ብዙ ሲተኙ ስለሚወጣው ቁስል፣ አንድም ቃል የነገረን አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት አንሶላ ስንቀይር ከመቀመጫቸው በላይ ሳንቲም የምታህል ጠቆር ያለች ምልክት አየን፤ እርሷን ለማዳን ሰባት ወር ፈጀብን። ኋላ ቤት ድረስ መጥታ ያየቻቸው ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በጉልበቶቻቸው መካከል ትራስ አስገብታ፣ አንሶላው እንዳይጨማደድ በመዳፏ እያስተካከለች፣ «በየሁለት ሰዓቱ አገላብጧቸው፤ ሌሊትም ቢሆን» አለችን። ይህን ቀላል የሚመስል ትእዛዝ የሥራቸው ሁሉ መሠረት ያደረጉት ሐኪም እዚህ የሠሩት ሰር ሉድቪግ ጉትማን መሆናቸውን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

በሆስፒታሉ አጠገብ ያለው የስፖርት ማዕከል መንገድ በስማቸው ተሰይሟል፤ በአከርካሪ ሕክምና ማዕከሉም በሰው ቁመት ልክ የተሠራ የነሐስ ሐውልት አላቸው። ሐውልት ፊት ቆሜ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅበትም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ስለ እርሳቸው ያነበብኩትን በሐሳቤ አመላለስኩ። ጉትማን በ1899 በዛሬዋ ፖላንድ ውስጥ በምትገኝ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ገና በ18 ዓመታቸው በአንድ ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ሲያገለግሉ አከርካሪው የተሰበረ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ መጣ፤ ሐኪሞቹ እንደማይተርፍ ነግረዋቸው ነበርና በአምስት ሳምንት ውስጥ ሞተ። በኅዳር 1938 ናዚዎች አይሁዶችን ባሳደዱባት ሌሊት ደግሞ የብሬስላውን የአይሁድ ሆስፒታል በር ከፍተው 64 ሰዎችን አስገቡ፤ በማግስቱ ጌስታፖ፣ የናዚዎች ምስጢራዊ ፖሊስ፣ ሲመጣ ለእያንዳንዱ የበሽታ ሰበብ እየፈጠሩ 60ዎቹን አተረፉ። በ1939 ከነቤተሰባቸው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ።

የስቶክ ማንደቪል የአከርካሪ ሕክምና ክፍል የካቲት 1 ቀን 1944 ሲከፈት ብዙዎች ክፍሉን የሞት መጠበቂያ አድርገው ያዩት ነበር፤ ጀርባው ከተሰበረ ወታደር ብዙ የሚጠብቅ ሐኪም አልነበረምና። የሚገድለው ግን ስብራቱ ሳይሆን የአልጋ ቁስልና የሽንት ቧንቧ መመረዝ ነበር። ጉትማን ሕሙማኑ ተጠቅልለው የመጡበትን ጀሶ አውልቀው በየሁለት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ እንዲገለበጡ አዘዙ፤ ትእዛዙ መፈጸሙን ለማረጋገጥም ሌሊት ሳይታሰቡ ብቅ ይሉ ነበር። ቁጡ ነበሩ ይባላል። ሕሙማኑ ግን «ፖፓ» ይሏቸው ነበር፤ በእኛ «አባባ» እንደማለት ነው።

ዓለም የሚያስታውሳቸው በስፖርቱ ነው፤ አልፈርድበትም። ሐምሌ 29 ቀን 1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ተጎጂዎችን በሆስፒታሉ ሜዳ ላይ ቀስት አስይዘው አወዳደሩ። በሆስፒታሉ አጠገብ ባለው ስታዲየም ውስጥ በሚገኘው የፓራሊምፒክ (የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ) ቅርስ ማዕከል አሮጌዎቹን ተሽከርካሪ ወንበሮች ሳይ፣ በእነዚያ ከባድ ነገሮች ላይ ተቀምጦ ቀስት መወጠር የቻለ ትከሻ ምን ያህል እንደለፋ ገባኝ። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው መስከረም 10 ቀን 1960 ነበር፤ ስምንት ቀን ብቻ ቆይቶ እዚያው ሮም፣ ከዚያ የሆስፒታል ውድድር ያደገው የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተከፈተ። በ1964ም ቶኪዮ ላይ ሁለቱም ውድድሮች ተከታትለው መጡ። አበበ በ1969 እዚህ ሲተኛ ጉትማን የክፍሉን ኃላፊነት ለቀው ነበር፤ የታከመው ግን እርሳቸው ባደራጁት ክፍል ነው። በ1970 በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ኖርዌይ ላይ በውሻ በሚጎተት የበረዶ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ።

ከስታዲየሙ ወጥቼ አዲስ አበባ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አበበ የታከመበት ቦታ ነኝ።»

«እዚያ ድረስ? ታዲያ እርሱንም ያገላብጡት ነበር?»

«በየሁለት ሰዓቱ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከበስተኋላቸው የእናቴ ድምፅ ይሰማኛል።

«አንቺ፣» ሲሏት ሰማሁ፣ «አበበንም እንደኔው ነው ያደረጉት አሉ።»

«በል አሁን ዙር፤ ሰዓትህ ደርሷል» አለቻቸው።