ከባንካ እስከ ሮቦት፦ በካርኪቭ ለቁስለኞች ገንዘብ ስናሰባስብ

ዩክሬን፣ ካርኪቭ ከተማ የመጣሁት በደርግ ጊዜ፣ ምህንድስና ልማር ነው። ተምሬ፣ አግብቼ፣ ልጆች አሳድጌ እዚሁ ቀረሁ። ከተማችን ከሩሲያ ድንበር የምትርቀው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ጎህ ሳይቀድ የቤታችን መስኮት ሲንቀጠቀጥ፣ ጦርነቱ መጀመሩን ማንም ሊነግረን አላስፈለገም።

የመጀመሪያ ሥራችን ሻማ ነበር። የሕንፃችን ነዋሪዎች ምድር ቤት እንሰበሰባለን። ባዶ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የተጠቀለለ ካርቶን እንከትና የቀለጠ ሰም እናፈስበታለን። ምሽግ ውስጥ ላለ ወታደር ሻይ ያፈላል፣ እጅ ያሞቃል። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። መዋጮ የጀመርነው ግንባር ያሉት ልጆች ከሻማ ያለፈ ነገር ሲጠይቁን ነው።

እዚህ አገር መዋጮ የሚሰበሰበው በስልክ ነው። ሞኖባንክ የሚባለው ባንክ መተግበሪያው ላይ “ባንካ” የሚል ነገር አለው፤ ባንካ ማለት የብርጭቆ ማሰሮ ነው። ባንካ ትከፍታለህ፣ ለምን እንደሆነ ትጽፋለህ፣ ሊንኩን ትበትናለህ። እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሪቱላ ፋውንዴሽን የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ባይራክታር ድሮኖች ለመግዛት ሕዝቡን ጠይቆ በሦስት ቀን 600 ሚሊዮን ህሪቭና (የዩክሬን ገንዘብ ነው) ሰብስቧል። አምራቹ ሦስት ድሮን በነፃ ሲሰጥ፣ የተሰበሰበው ገንዘብ የሳተላይት አገልግሎት ተገዛበት። እኛ ግን ዘጠኝ ጎረቤታሞች ነን። አቅማችን የእቁብ ያህል ነው።

ትልቁን ስህተቴን ገና በጠዋቱ ነው የሠራሁት። ቱርኒኬት ተጠየቅን፤ የደም ማቆሚያ ማሰሪያ ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ ረከስ ያለ አገኘሁና 40 ገዛሁ። የወታደሮቹ ሐኪም አንዱን በራሷ ጭን ላይ አስራ ማጥበቂያውን ዱላ ስታዞረው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሁለተኛውም ተሰበረ። ምንም አልተናገረችም፤ ሳጥኑን ብቻ መልሳ ሰጠችኝ። ጭኑ ላይ የተመታ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ሊያልቅ ይችላል። እቃው አስመስሎ የተሠራ ነበር። ያን ሌሊት አልተኛሁም። በማግስቱ የሆነውን ሁሉ ለለገሱት ሰዎች ጻፍኩ፤ ገንዘቡንም ከራሴ ተካሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ናሙና ተጠቃሚው እጅ ገብቶ “ይሁን” ሳይባል ምንም አንገዛም።

የሮቦቱ ነገር የመጣው በኋላ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ግንባር ላይ ነው። ከልጅነቱ “ዲያዲያ” ይለኛል፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው። አንድ ቀን ማታ ደወለ። “ዲያዲያ፣ ሦስት መቶ አለን። ማውጣት አልቻልንም” አለኝ። “ሦስት መቶ” በወታደሮቹ ቋንቋ ቁስለኛ ነው፤ “ሁለት መቶ” ደግሞ የሞተ። የቆሰለው ልጅ እግር በቱርኒኬት ታስሯል። ማሰሪያው ከሁለት ሰዓት ሲያልፍ እግሩ የመዳኑ ዕድል እየጠበበ ይሄዳል። አራት ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ ሜዳ ላይ ከወጣ ግን ድሮን አምስቱንም ያገኛቸዋል። ንጋት ላይ ጭጋግ ሲወርድ አወጡት። ሕይወቱ ተረፈ፤ እግሩ አልተረፈም።

በዲሴምበር 2024 ከከተማችን በስተሰሜን፣ ሊፕትሲ አካባቢ፣ የዩክሬን ጦር የኻርቲያ ብርጌድ እግረኛ ሳያሰልፍ በምድር ሮቦቶችና በድሮኖች ብቻ ማጥቃቱ በሰፊው ተወርቶ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ የጠየቀኝ ግን የሚተኩስ ሮቦት አልነበረም። ውሃና ጥይት አድርሶ ሲመለስ ቁስለኛ የሚጭን፣ ከሩቅ የሚነዳ ጋሪ ነው።

ባንካውን ወዲያው አልከፈትንም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንጠይቅ ቆየን። ማን ይነዳዋል? ባትሪው በምን ይሞላል? ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? ምልክት ሲጠፋበትስ? ይሄ የመጨረሻው ትልቅ ጉዳይ ነው። ሮቦቱ ምድር ለምድር ስለሚሄድ አንዲት ጉብታ ወይም ዛፍ ሬዲዮውን ትጋርደዋለች። ስለዚህ ወይ ስታርሊንክ፣ የሳተላይት ኢንተርኔት መቀበያ፣ ይገጠምለታል፣ ወይ ሞገዱን የሚያቀባብል ድሮን ከላይ ይቆማል። መለዋወጫ ጎማ፣ ሁለተኛ ባትሪ፣ አንቴና፣ የማጓጓዣ ተጎታች ሲደመር ሒሳባችን ከሮቦቱ ዋጋ በግማሽ ከፍ አለ። ባንካው ላይ የጻፍነው ይህን ሙሉውን ሒሳብ ነው። ሮቦት ገዝቶ ባትሪ ያጣ ቡድን በዓይኔ አይቻለሁ።

ጀርመንና ስዊድን ያሉ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቼንም ጠየቅኩ። አንዱ “አገራችን ስንት ቁስለኛ እያለ?” አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም የወንድሜን ልጅ በሰሜኑ ጦርነት ቀብሬያለሁ፤ ለአገሬም የምችለውን እልካለሁ። እነዚህ ልጆች ግን በማዕዴ ላይ ያደጉ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ “ለሕክምና ከሆነ እንሰጣለን፣ ለመሣሪያ ግን አንሰጥም” አሉኝ። ለእነሱ ሲባል ሌላ ባንካ ከፍተን ገንዘባቸው ለቃሬዛው፣ ለማሰሪያው ቀበቶና ለመድኃኒት ብቻ እንዲውል አደረግን፤ ደረሰኙም ለብቻው ተላከላቸው።

ሮቦቱን ለመሞከር ከከተማ ውጪ ወጣን። ቁስለኛ ሆኜ የተኛሁበት እኔ ነኝ። የተማርኩት ሁሉ አንድ ላይ ቢደመር የዚያን ቀኑን ግማሽ ሰዓት አያክልም። ጭንቅላቴ ከጫፉ ወጥቶ ይንጠለጠላል። ጉድጓድ ሲያገኝ አጥንቴ ድረስ ይሰማኛል። ደረቴ ላይ ያለው ቀበቶ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ደረቱ የተመታ ሰው እንዴት ይችለዋል? ከዚያ ደግሞ ጭቃው። እኔ በቾ ነው ያደግኩት። ቸርኖዜም የሚሉት የዚህ አገር ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው ልክ እንደኛ ዋልካ ነው፤ ጫማ ከእግር ይነቅላል። ጭቃው በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ተጠቅጥቆ ሮቦቱን አቆመው። መከላከያው ይነሳ አልኩ። ተነሳ፤ ሄደ። ፍራሽ ጨመርን፣ የራስጌውን አስረዘምን፣ ቀበቶውን ወደ ዳሌና ወደ ጭን አወረድን።

ሪፖርት በየሳምንቱ እንልካለን፤ የገባው፣ የወጣው፣ ደረሰኙ። ፎቶ ግን አንቸኩልበትም። ከኋላ የሚታይ አንድ የውሃ ታንከር ወይም ጣሪያ ቦታውን ሊያሳብቅ ይችላል፤ የልጆቹ አዛዥ ሳይፈቅድ አንለጥፍም።

ሮቦቱ ሁለት ቁስለኞች አወጣ። ለሦስተኛው ሲሄድ ባዶውን ሳለ ድሮን መታው። እንደ ቱርኒኬቱ ጊዜ ሁሉንም ጻፍኩ፦ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ፣ ማንን እንዳወጣ፣ እንዴት እንደጠፋ። “ሰው ቢሆን ኖሮስ?” ብላ አንዲት ጡረተኛ 50 ህሪቭና ላከች። በየወሩ የምትልከው ያችኑ ነው።

ልጁ ትናንት ደውሎ ነበር። ሁለተኛው ሮቦት ሲገዛ አምራቾቹ ጭቃ መከላከያውን ከፋብሪካው ሳይገጥሙ እንዲልኩት ንገርልኝ አለኝ። ዛሬ ጠዋት ደውዬ ነገርኳቸው።