አስተርጓሚ ሳልፈልግ

አንካራ፣ እሑድ ማታ

በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣ ተማሪ ዛሬ ሻይ ስንጠጣ፣ «ትምህርቴ በእንግሊዝኛ ከሆነ ቱርክኛ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው አዲስ አይደለም። የቱርክ መንግሥት የሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድል ከትምህርት ክፍያው፣ ከማደሪያውና ከወር አበሉ ጋር የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርትንም ይጨምራል፤ ብዙዎች ግን ያንን ዓመት እንደባከነ ጊዜ ይቆጥሩታል። እኔ እዚህ አገር ካገኘሁት ሁሉ የማስበልጠው እሱን ነው።

እንግሊዝኛው ከመማሪያ ክፍሉ በር ብዙም አያልፍም። የቤት ኪራይ ውሉ፣ የሐኪም ማዘዣው፣ የገበያው ክርክር ሁሉ በቱርክኛ ነው። ቋንቋውን ያልያዘ ተማሪ «እባክህ አብረኸኝ ሂድ፣ እባክሽ ይህን አንብቢልኝ» እያለ ይኖራል። የጤናውንና የገንዘቡን ምሥጢርም ሳይወድ በግድ ለሰው አሳልፎ ይሰጣል።

ባለፈው ጥር አንድ የአገሬን ልጅ ሌሊት ሆዱን አሞት ሆስፒታል ወሰድኩት። ከመጣ ገና ጥቂት ሳምንቱ ነበር። ሐኪሟ ከሆዱ በስተቀኝ ታች በኩል ጫን አድርጋ ድንገት ለቀቀችውና «የበለጠ የሚያምህ ስጫን ነው ወይስ ስለቅ?» አለች። ወደ አማርኛ መለስኩለት፤ «ስትለቀኝ» አለ። ሕመሙ እምብርቱ አካባቢ ጀምሮ ወደ ታች መውረዱንም ነገርኳት። ትርፍ አንጀት ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚፈረመውን የስምምነት ወረቀት ከላይ እስከ ታች በአማርኛ አስረዳሁት። መጨረሻው ላይ ታካሚው «አንብቤ ተረድቻለሁ» ብሎ በገዛ እጁ መጻፍ ነበረበት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየነገርኩት እንደተኛ ጻፈ። ምን ላይ እንደሚፈርም አውቆ ፈረመ። የቋንቋው ዓመት ባከነ ለሚለኝ ሰው ሌላ መልስ የለኝም።

ደግሞም ለአማርኛ ተናጋሪ ቱርክኛ እንደሚፈራው አይደለም። ግሡ እንደ እኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ «ከቤቶቻችን» የምንለውን እነሱም በአንድ ቃል ይጨርሱታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1928 ወዲህ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ደግሞ ከጥቂት ነገሮች በቀር እንደተጻፈ ይነበባል። የሚያስቸግረው የአናባቢዎቹ መስማማት፣ ማለትም የቅጥያው አናባቢ የቃሉን አናባቢ ተከትሎ መለዋወጡ ነው፤ እሱን ከሕጉ ይልቅ ጆሮ ቶሎ ይይዘዋል። ለዚህም ሰው ያስፈልጋል። ሐበሻ ከሐበሻ ጋር ብቻ እየዋለ፣ በአማርኛ እያወራና እያመሸ ዓመቱን ሲጨርስ ሳይ ያንገበግበኛል። በሰፈራችን ገበያ አትክልት የሚሸጡት እናት «ልጄ» ብለው ስለ እናቴ ጤና የሚጠይቁኝ በቋንቋቸው ስላወራኋቸው ነው። መማሪያ መጽሐፌ ውስጥ ያልነበረውን ሁሉ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

ወደ አገር ሲመለሱም ቋንቋው ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ቱርክ አዲስ አበባ ላይ ኤምባሲ የከፈተችው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1926 ነው፤ የቱርክ የትብብር ድርጅት ቲካም የመጀመሪያ የአፍሪካ ቢሮውን በዚያው አቆጣጠር በ2005 የከፈተው እዚያው ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያን የባቡር መስመር የሠራው ያፒ መርከዚ የቱርክ ኩባንያ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ጋር በቀጥታ የሚነጋገር መሐንዲስ ወይም ሒሳብ ሠራተኛ በአገራችን ገና ጥቂት ይመስለኛል።

የእኔ ጉጉት ግን ሌላ ነው። የአርሲ ልጅ ነኝ፤ ስንዴ ሲዘራና ሲታጨድ እያየሁ አድጌአለሁ፤ የመመረቂያ ጥናቴም ስለ ስንዴ ገበያ ነው። በመጪው ሳምንት ከአንካራ ብዙም ወደማይርቀው፣ በስንዴው ወደታወቀው ፖላትሊ ሄጄ ገበሬዎችን አነጋግራለሁ። ዝናብ ሲዘገይ ምን ያደርጋሉ? ምርቱን ወዲያው ይሸጣሉ ወይስ ዋጋ እስኪወጣ ያቆያሉ? አማካሪዬ አስተርጓሚ እንደማያስፈልገኝ ነግረውኛል። ጥያቄዎቹን በቱርክኛ ጽፌ ግማሽ ላይ ደርሻለሁ፤ የቀሩትን ከመተኛቴ በፊት እጨርሳቸዋለሁ።