«አሁን ለስልሰዋል» ሲሉኝ፦ የጎጂራን ሰባት አልበሞች በተርታ እንዴት እንደሰማሁ

ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ምሽት የፓሪስ ኦሎምፒክ መክፈቻን ሳሎን ተሰብስበን እያየን ነበር። እዚያም ዝናብ፣ እዚህም ዝናብ። ጀልባዎቹ በሴን ወንዝ ሲያልፉ ሲያልፉ ቆይተው፣ ድንገት ኮንሲየርዠሪ የሚሉት የድሮ እስር ቤት መስኮት ላይ ቀይ ቀሚስ የለበሰች፣ የተቆረጠ ራሷን በእጇ የያዘች ንግሥት ብቅ አለች። ማሪ አንቷኔት መሆኗ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1793 አንገቷ ከመቀላቱ በፊት የታሰረችው እዚያ ነበር። ወዲያው ከግንቡ ላይ ጊታር ፈነዳ። እማዬ «በስመ አብ! ደግሞ በገብርኤል ቀን!» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ጎርጉሮ «ጎጂራ ነው የሚባሉት» ሲል፣ ከጓዳ «ጎጂማ ናቸው!» የሚል መልስ መጣ።

እኔ የሰርግ ባንድ ውስጥ ድራም እመታለሁ። ሜታል፣ ያን ከባድ ጊታርና ጩኸት የበዛበትን የሮክ ዓይነት፣ የምሰማ ሰው አልነበርኩም። ያን ምሽት ግን ጆሮዬ ኪኩ ላይ ቀረ፤ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ ማለቴ ነው። ጊታሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል፣ ጊታሩ ሲረግጥ አብሮ ይረግጣል። ሁለቱንም አንድ ሰው የሚጫወታቸው ነው የሚመስለው። በሳምንቱ ልምምድ ላይ ለጊታሪስታችን ነገርኩት። እሱ ሜታል ያውቃል። «እነሱ እኮ ድሮ ነበሩ፤ አሁን ለስልሰዋል» አለኝና ገመዱን ሰካ። እውነቱን ነው? ይህቺን ለማጣራት ሁለት ወር ፈጀሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት የሞኝ ነው። ስልኬ «ተወዳጆቹ» ብሎ የደረደረልኝን አሥር ዘፈን በታክሲ ውስጥ መስማት ጀመርኩ። ዘፈኖቹ ከሰባቱም አልበሞች የተቀላቀሉ ናቸው፤ የሚኒባሱ ሞተር ደግሞ ከቤዝ ጊታሩ ጋር ተዋሕዶ የትኛው ሙዚቃ የትኛው ናፍጣ እንደሆነ አይለይም። ከሦስት ቀን በኋላ ተውኩት። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ተዋስኩ፣ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ፣ አልበሞቹን በወጡበት ቅደም ተከተል በሳምንት አንድ፣ እያንዳንዱን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ልሰማ ወሰንኩ። ለየዘፈኑ አራት ነገር እጽፋለሁ፦ ስንት ደቂቃ ነው፣ ድምፃዊው ይጮኻል ወይስ ያዜማል፣ ኪኩ ጊታሩን ይከተላል ወይስ ለብቻው ይሮጣል፣ ዝም የሚባልበት ቦታስ አለ ወይ።

ቡድኑ ለእንዲህ ያለ ሥራ ይመቻል። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። በ1996 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ባዮን አጠገብ ባለች ኦንድር በምትባል ቦታ ተመሠረተ። ሁለት ወንድማማቾች አሉበት፦ ጆ ዱፕላንቲዬ ይዘፍናል፣ ጊታርም ይጫወታል፤ ማሪዮ ድራም ላይ ነው። ክርስቲያን አንድሩ ሁለተኛው ጊታር፣ ዣን-ሚሼል ላባዲ ቤዝ ነው። በመጀመሪያ ስማቸው ጎድዚላ ነበር፣ በጃፓኑ የፊልም ጭራቅ ስም። በ2001 የስም መብት ጣጣ ስላመጣባቸው ያንኑ ጭራቅ ጃፓኖቹ እንደሚጠሩት «ጎጂራ» አሉት። ለኔ የጠቀመኝ ግን ይህ ነው፦ ሰባቱንም አልበሞች የሠሩት እነዚሁ አራት ሰዎች ናቸው። ድምፁ ሲለወጥ «አዲስ ሰው ገብቶ ነው» ብሎ ማምለጫ የለም።

የ2001ዱ «ቴራ ኢንኮግኒታ» ጎረምሳ ነው። የሚያውቁትን ሁሉ በአንድ ቀን ለመናገር የቸኮሉ ልጆች፣ የአሜሪካ ዴዝ ሜታል፣ ከሜታልም እጅግ ከባዱ ዓይነት፣ ከጆሯቸው ያልወጣ። ቢሆንም ያ ድንገት የመቆም ነገር እዚያም አለ።

በሁለተኛው፣ በ2003ቱ «ዘ ሊንክ»፣ ተሸወድኩ። ኪኩ ጥርት ብሎ፣ ደረቅ ሆኖ ይሰማኛል። ደብተሬ ላይ «የድራም ድምፃቸውን በ2003 አግኝተውታል፤ ወደ ሦስተኛው አልበም ብዙም አልተለወጠም» ብዬ በቀይ አሰመርኩ። ጊታሪስታችን ገጹን ገልጦ አየና «የትኛውን ነው የሰማኸው?» አለኝ። ለካ አልበሙ በ2007 እንደገና ሚክስ ተደርጎ፣ ማለትም የየመሣሪያው ድምፅ እንደ አዲስ ተመጥኖ ተቀላቅሎ፣ ወጥቷል፤ እኔ የሰማሁትም እሱን ነው። ሦስተኛው አልበም የወጣው በ2005 ነው። እንግዲህ ታላቁን ከታናሹ በኋላ በተሰፋ ልብስ አይቼ «ሁለቱ ይመሳሰላሉ» እያልኩ ነበር። ቀዩን መስመር ሰረዝኩ። ከዚያ ወዲህ ደብተሩን ለሁለት ከፈልኩት፦ በግራ ገጽ የተመታውን፣ በቀኝ ገጽ የተቀዳበትንና የተቀላቀለበትን። የቀኙን ገጽ ማንም ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሊነካካው ይችላል። እግሩ ስንት ጊዜ እንደረገጠ ግን ተረግጧል፣ አለቀ። ከ«ዘ ሊንክ» በግራ ገጽ የቀረልኝ በእንጨት ላይ የተመታ የሚመስለው ምት ነው፤ ጫካ ውስጥ የሚደልቁ ይመስላሉ።

«ፍሮም ማርስ ቱ ሲሪየስ» ላይ አንድ ሳምንት አልበቃኝም። ብዙ ሰው ጎጂራ ሲል ይህን የ2005 ሥራ ነው የሚያስበው። ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ያልፋል፤ ስለሞተች ፕላኔት፣ ከጦርነት ወደ ሰላም ስለመጓዝ ነው የሚያወራው። «ፍላይንግ ዌልስ» የሚለውን ዘፈን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። በዓሣ ነባሪ ድምፅ ይጀምራል። ሁለት ደቂቃ ያህል ጊታሩ በቀስታ ይዞራል፣ አትላንቲክ ዳር ያደጉ ልጆች መሆናቸው ያስታውቃል። ከዚያ ይወድቃል። ሌላ ቃል የለኝም፣ ይወድቃል። የጊታሪስቱ ቀኝ እጅና የማሪዮ እግሮች ተቆላልፈው፣ አንድ ሁለት ይረግጡና አየር ይተዋሉ፣ ደግሞ ይረግጣሉ። በአየሩ ውስጥ ስኔሩ፣ በዱላ የሚመታው ጯሂ ትንሽ ከበሮ፣ ብቻውን ይመጣል። የኛ ቺክቺካ ውስጥ እግሬ ሥራ የሚፈታበት ጊዜ የለም፤ እዚህ ግን ክብደቱን የሚሰጠው እግሩ ያልረገጠበት ቦታ ነው። ይህን ከተጻፈ ነገር አላገኘሁትም፣ ጠረጴዛ ሥር እግሬን እያንቀሳቀስኩ ነው የገባኝ።

ሌላ ነገርም በዚያው ሳምንት ጻፍኩ፣ ጥቅሙ ግን ኋላ ነው የታየኝ፦ «ፍሮም ማርስ» በሚለውና በመጨረሻው «ግሎባል ዋርሚንግ» ላይ ጆ ያዜማል።

የ2008ቱ «ዘ ዌይ ኦፍ ኦል ፍሌሽ» ስለ ሞት ነው፣ ከባድ ነው፣ ረጅም ነው። «ዚ አርት ኦፍ ዳይንግ» ብቻውን ወደ 10 ደቂቃ ይጠጋል። የአልበሙ ማብቂያ ላይ ሙዚቃው ጠፋ። ስልኬ የሞተ መስሎኝ ቻርጀር ፍለጋ ተነሳሁ፤ ሽቦ እየፈታሁ ሳለ ድምፅ ተመለሰ። የመጨረሻው ዘፈን 17 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ውስጡ ረጅም ዝምታ አለበት። «ዝም የሚባልበት ቦታ» የሚለው ዓምዴ ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር።

የ2012ቱን «ሎንፎ ሶቫዥ» በጥድፊያ አለፍኩት። የሰርግ ወቅት ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

ከዚያ «ማግማ»፣ 2016። ከ45 ደቂቃ በታች ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ጩኸት የለም፤ ድምፅ በድምፅ ላይ ተደራርቦ፣ ዝግ ብሎ ይዘመራል። በመጀመሪያው ቀን «ልክ ነበር፣ ለስልሰዋል» ብዬ ጻፍኩ። የጊታሪስታችንን ፊት እያሰብኩ ትንሽ አዘንኩም። በሁለተኛው ቀን ታሪኩን አነበብኩ። ወንድማማቾቹ ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ሲልቨር ኮርድ የሚሉት የራሳቸውን ስቱዲዮ ሠርተው እዚያ ሲቀዱ እናታቸው ታመመች፣ በ2015 ሞተች። ቀድሞ የጻፍኩትን ሰርዤ «ሐዘን ነው» አልኩ። ቆንጆ ማብራሪያ ናት፤ ሰው እናቱን ቀብሮ እንዴት ይጮኻል?

በሦስተኛው ቀን ግን የ2005ቱን ገጽ ገለጥኩ። ያዜማል ይላል፣ በራሴ ብዕር። እናታቸው ከመሞቷ ከ10 ዓመት በፊት! ዜማው ያኔም ነበር፣ ግን አልበሙ መጨረሻ ላይ፣ ከድካም በኋላ የሚሰጥ ነገር ነበር። በ«ማግማ» ወደ በሩ አመጡት። ሐዘኑ የራሱን ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም፣ ግን ለሁሉም ነገር ምክንያት አድርጌው ቢሆን ኖሮ የአሥር ዓመት ሥራ በአንድ ለቅሶ እሸፍነው ነበር። «ስትራንድድ» ደግሞ ለስልሰዋል ለሚል ሁሉ መልስ ነው፦ ጊታሩ በእግር ፔዳል ሽቅብ ተስቦ እንደ ተረገጠ ውሻ ይጮኻል፣ ከሥሩ ያለው ምት ግን ልጅ እንኳ በማጨብጨብ ሊከተለው ይችላል። ከባድ ነው፣ ግን አልተጨናነቀም።

የ2021ዱ «ፎርቲትዩድ» በዚያው መንገድ ሄዷል። ያቀላቀለው አንዲ ዋላስ ነው፣ ከብራዚሎቹ የሜታል ባንድ ከሴፑልቱራ ጋርም የሠራ ሰው። «አማዞኒያ» በአፍ ተይዞ በጣት በሚነዘር መሣሪያ ሲጀምር ሴፑልቱራን ያላስታወሰ የለም፤ የዘፈኑ ገቢም ለብራዚል ነባር ሕዝቦች ማኅበር እንዲውል ነው የተሠራው። «ዘ ቻንት» ላይ ሰው ሁሉ አብሮ የሚያዜመው አዝማች አለ። ማሪዮ ያን ሁሉ ችሎታ ይዞ ቆሞ ይጠብቃል፤ በ2001 ቢሆን አሥር ነገር ይጨምርበት ነበር። የኦሎምፒኩ ዘፈን በ2025 ግራሚ ሲያገኝ ወንድሜ ለእማዬ ሊነግራት ሄደ። ምን እንዳለችው አልነገረኝም።

ደብተሩን ለጊታሪስታችን ሰጠሁት። መስመር ቁልቁል የሚወርድ አስመስዬ ጀምሬው እንደነበር፣ ከከባድ ወደ ለስላሳ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ እንደሰረዝኩት አየ። «አየሩ ነው የጨመረ» የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈና «እሺ፣ ግን ለስልሰዋል» አለ።

ባለፈው ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ስንፈትሽ የዓሣ ነባሪዋን ሪፍ፣ ያን የሚደጋገመውን የጊታር ሐረግ፣ ጀመረልኝ። ማሪዮ በሁለት እግር የሚመታውን ኪክ እኔ ባለ አንድ ፔዳል ነኝ፣ በአንድ እግር ነው የምመታው፤ በአራተኛው ዙር ቀኝ እግሬ ተሳሰረ፣ እሱ ሳቀ። አበባ የሚሰቅሉት ልጆች መሰላል ላይ እንደቆሙ ዞር አሉ። አንዷ «ወንድሜ፣ ይሄ ለሙሽሮቹ መግቢያ ነው?» አለችኝ።