የመጋቢት ሰማይ በጅማ

ዛሬ ጠዋት ጅማ ላይ ፀሐይዋ ታቃጥል ነበር። ከሰዓት በኋላ ጅሬን ኮረብታ አናት ላይ ደመና ተጠራቀመና ዝናቡን ለቀቀው። የሂርማታ መርካቶ ገበያተኛ ሸራ ለመዘርጋት ሲሯሯጥ፣ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ያሉ ጓደኞቼ ግን ጠብታም አላዩም።

እንዲህ ሲሆን «የአየር ትንበያ ውሸት ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ አልስማማም። የደቡብ ምዕራብ ትንበያ የሚናገረው ስለ ሰፊ አካባቢ ነው። የበልግ ዝናብ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ከህንድ ውቅያኖስ በኩል እርጥብ አየር ይገባል። መሬቱ ጠዋት ይግላል፣ አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ከሰዓት ደመና ይሆናል። አንዱ ደመና የሚያረጥበው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። የትኛው ሰፈር ላይ እንደሚወርድ ከቀናት በፊት ማወቅ ከባድ ነው።

ለእኛ ነገሩ ከጃንጥላ በላይ ነው። ቡና ከደረቁ ወራት በኋላ ደህና ዝናብ ሲያገኝ፣ ከሳምንት ትንሽ አለፍ ሲል ያብባል። (ያንን ሽታ የሚያህል ነገር የለም!) ዝናቡ ነካ አድርጎ ከጠፋ ግን ምርቱ ይጎዳል። ለዚህ ነው በየወረዳው ብዙ የዝናብ መለኪያ፣ ለገበሬውም በአፋን ኦሮሞ ስልኩ ላይ የሚደርስ የየዕለት ትንበያ እንዲኖር አጥብቄ የምፈልገው።

የጅማ ልጆች፣ እናንተ ሰፈር ዛሬ ዘነበ?