ዝናቡ ከመጣ በኋላስ?

ድርቅ ሲመጣ ሰው ሁሉ ስለ ዝናብ ነው ሚያወራው፣ መቼ ነው ሚዘንበው፣ ዘንድሮስ ይጥላል ወይ እያለ፣ ከዛ ዝናቡ ሲጥል ወሬው ያልቃል፣ ሁላችንም እንረሳዋለን። እኔን ግን ሁሌም ሚያስጨንቀኝ ከዛ በኋላ ያለው ነው።

እስቲ አስቡት፣ ሳሩ እስከ ስሩ ተግጦ አልቋል፣ ዛፉ ተቆርጧል፣ መሬቱ እርቃኑን ቀርቷል። ላዩ በፀሐይ እንደ ቅርፊት ይደርቅና ያ ስንት ወር ሲለመን የከረመ ዝናብ ሲመጣ ወደ ውስጥ መስረግ ያቅተዋል፣ እላዩ ላይ ሮጦ ለሙን አፈር ጠርጎት ይሄዳል። በነጋታው ሚታየው ቦረቦር ነው። አንድ ሴንቲሜትር አፈር እስኪፈጠር መቶዎች ዓመት ይፈጃል፣ ለመሄድ ግን አንድ ኃይለኛ ዝናብ ይበቃዋል! በረሃማነት ሚባለው በዋናነት ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው እንደሚመስለው አሸዋ ከሩቅ እየነፈሰ መምጣቱ ብቻ አደለም፣ መሬቱ እዛው ባለበት ነው ሚሞተው።

ከብት አርቢው ጋ ደሞ ስትመጡ ነገሩ ይብሳል። ግጦሽ ሲጠፋ ከብቱ ይከሳል፣ ሁሉም ሰው በአንዴ ሊሸጥ ገበያ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወድቃል፣ በዛው ሰሞን እህሉ ይወደዳል፣ ስለዚ ለአንድ ወር ቀለብ ትላንት ከሸጠው በላይ መሸጥ አለበት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ የማትሸጠዋ ጊደር ትሸጣለች። በአፍሪካ ቀንድ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ 5 የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፏል፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ሳሩ ዝናብ ካገኘ በሳምንታት ሊያቆጠቁጥ ይችላል፣ ጊደር ግን አድጋ እስክትወልድ ዓመታት ነው። ጭራሽ ከድርቁ ተርፎ የደከመውን ከብት ራሱ የመጀመሪያው ዝናብ ብርድ ይገለዋል፣ ይሄንን ሳስብ ሆዴን ያመኛል።

የዱር እንስሳው ደሞ ሚሸጠው ነገር የለውም፣ ሚጮህለትም ብዙ የለም። ኬንያ ውስጥ በ2022 ከየካቲት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ 205 ዝሆኖችና 381 ተራ የሜዳ አህዮች በድርቁ ሞተዋል፣ ይሄ እንግዲህ በድናቸው የተገኘው ብቻ ነው። ግሬቪ ሚባለው ቀጭን መስመር ያለው የሜዳ አህያም 49 ሞቷል፣ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል ግን ከነሱ በዓለም ላይ የቀሩት ራሱ 3,000 ገደማ ናቸው እኮ።

ተስፋ ሚሰጠኝ አንድ ሰው አለ፣ የቡርኪናፋሶው ገበሬ ያኩባ ሳዋዶጎ፣ በ2023 ነው ያረፈው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ድርቁ ሰዉን ሲያሰድድ እሱ እዛው ቀርቶ በደረቀው መሬት ላይ ዛይ ሚባሉትን ከድሮ ጀምሮ ዘር ሚዘራባቸውን ትናንሽ ጉድጓዶች ከተለመደው ትንሽ አስፍቶና አጥልቆ ፍግ እየሞላ ይቆፍር ጀመር፣ ሰው እብድ ነው ብሎት ነበር። ፍጉ ምስጥ ይስባል፣ ምስጡ ያንን ቅርፊት መሬት ይበሳሳዋል፣ ውሃው በዛ ይሰርጋል። ማሽላው በቀለ፣ ከፍጉ ጋር የመጣው የዛፍ ዘርም አብሮ በቀለ፣ እሱም አልነቀለውም፣ በኋላ ደን ሆነ። ጉድጓዶቹን ሚቆፍራቸው ደሞ በበጋ ነበር፣ ሰማዩ ላይ ምንም ደመና ሳይኖር።